ከ«ቤቱ» ከወጣሁ በኋላ

ከአንድ የሃይማኖት ቡድን ከወጣሁ አምስት ዓመት አልፎኛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን እጄ አሁንም ሳላስበው ስልኬን ይፈልጋል። ያ ሰዓት ለሴል መሪዬ፣ ማለት በቡድኑ ውስጥ ላለችው ትንሿ ምድባችን ኃላፊ፣ የቀኔን ሪፖርት የምልክበት ነበር። ከማን ጋር እንዳወራሁ፣ ስንት ሰዓት እንደጸለይኩ፣ ደመወዝ የገባ ዕለት ስንት እንደሰጠሁ፣ በልቤ ምን «የማይገባ ነገር» እንዳለፈ እጽፍ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ምሽት አልዘለልኩም። ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ እንኳ አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ጽፋ ልካልኛለች።

ስለ መግባቴ ብዙ አላወራም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ልጽፍ የፈለግኩት ከወጡ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው፤ እኔ ስወጣ ያንን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁምና። በ2004 ዓ.ም. በፋርማሲ ተመርቄ ስታዲየም አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። የ22 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ላይ ወደሚካሄድ ፕሮግራም ወሰደችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ስገባ አሥር የሚሆኑ ሰዎች በስሜ ጠሩኝ፤ በሦስተኛው ስቀር ሦስት ሰው ደወለልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈልጌ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ የገባ ሰው ስታዩ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው» አትበሉ፤ እኔን ያስገባኝ መፈለግ ነው።

የቡድኑን ስም አልጠራም። እኛም በስሙ አንጠራውም ነበር፤ «ቤቱ» ነበር የምንለው። መሪው «አባታችን» ነበር። ይህን የምጽፈው አንዱን ሃይማኖት ለመንካት እንዳልሆነም እወቁልኝ። ከወጣሁ በኋላ ከአንድ አጥማቂ እጅ ያመለጠ ሰው አግኝቻለሁ፤ ቋንቋው ከእኛ ይለያል እንጂ ፍርሃቱ አንድ ነው። ሰውን ያለ ፈቃድ እንዳይተኛ፣ እንዳይታከም፣ እንዳያገባ፣ ወላጁን እንዳይጠይቅ የሚያደርግ አንድ ሰው ካለ፣ በምን ስም እንደሚጠራ ለውጥ የለውም።

አባቴ በጥር 2010 ዓ.ም. ሲያርፍ «ሙታናቸውን እንዲቀብሩ ሙታንን ተዋቸው» የሚለውን ጥቅስ አስነበቡኝ። ለቀብሩ ተፈቀደልኝ። ጥቁር አልለበስኩም፣ ንፍሮውን አልቀመስኩም፣ አላለቀስኩም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሳይነሳ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የሰፈራችን የዶሮ ማነቂያ ሴቶች፣ በልጅነቴ ያጎረሱኝ ሴቶች፣ ቁጭ ብለው አዩኝ። አንዳቸውም አንድ ቃል አልተናገሩም። ለአርባውም አልመጣሁም።

ያወጣኝ ምን እንደሆነ ስጠየቅ ሰው ትልቅ ነገር ይጠብቃል። ያወጣኝ እንቅልፍ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ሲነገር አዳራሹ ተዘጋ። እኔ በጋራ ተከራይተን ከምንኖር ስድስት የ«ቤቱ» እህቶች አንዷ ነበርኩ። መድኃኒት ቤት ስለምውል በሽታ ታመጣብናለች ተብሎ ለጊዜው እናቴ ጋ እንድቆይ ተወሰነ። ለዓመታት በየሌሊቱ 9 ሰዓት ለጸሎት እንነሣ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ አዳር ነበረን፤ በወር አንዴ ሦስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውኃ እንጾም ነበር። እናቴ ቤት በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረ ጩኸት ቀንሶ ነበር። ጥያቄዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ። ለዓመታት ጥያቄ ያልነበረኝ እምነቴ ስለጠነከረ ይመስለኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ልጃቸው፣ እህታቸው እንዲህ ያለ ቦታ ያለባቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ የምለው ይህን ነው፦ አትከራከሯት፤ ከተቻላችሁ አብልታችሁ አስተኟት።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተመለሺ ተባልኩ። ባልም ተመርጦልኝ ነበር። ያኔ አላውቅም ነበር እንጂ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው በእምነቱ ጉዳይ እንዳይገደድ ይከለክላል። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ተጽፎ ማየት ለጉልበት ይሆናል።

እዚህ ላይ ስህተት ሠራሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምነግራችሁ። በደንብ ተሰናብቼ ልውጣ ብዬ ለመጨረሻ «ንግግር» ሄድኩ። አምስት ሰዎች፣ አንድ ክፍል፣ አራት ሰዓት ሙሉ። በሙሴ ላይ ያመፁትን ቆሬን፣ ዳታንና አቤሮንን ምድር እንዴት እንደዋጠቻቸው ተነበበልኝ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ተባልኩ። በመጨረሻ አባታችን ተነሥቶ «በዓመቱ እናትሽን ትቀብሪያለሽ» አለኝ። ጮኾ አልነበረም የተናገረው፤ በሐዘን ድምፅ ነበር። ለመሰናበት አትሂዱ። መውጣታችሁን የምትነግሩት ሰው ካለ በአጭር መልእክት ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት መታወቂያችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁንና የባንክ ደብተራችሁን እጃችሁ አስገቡ። ምንም ዓይነት ብድር አትውሰዱ፣ ዋስም አትሁኑ፤ እኔ ከመሥሪያ ቤታችን ቁጠባ ማኅበር ለ«ዘር»፣ ማለት ለ«ቤቱ» ለሚሰጥ ስጦታ፣ ብዬ የተበደርኩትን 60,000 ብር ከፍዬ የጨረስኩት በ2015 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዓመት ከውስጥ ሆኜ ካሳለፍኳቸው ሁሉ ይከፋል። እናቴ ስታስል ልቤ ይቆማል። ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ እከተላለሁ። የደም ግፊት ኪኒኗን በቀን ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንደ ተጠራ ሰው ብድግ እላለሁ፤ ላብ አጥምቆኛል። ነገሩን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከአፌ ከወጣ የሚፈጸም ይመስለኝ ነበር። በስምንተኛው ወር አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ ሳለ እናቴ ፊቴን አይታ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያከሳሽ?» ስትለኝ አመለጠኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ጀበናውን ሳታስቀምጥ ሰማችኝና «እኔ የምሞተው እግዜር ሲለኝ ነው ወይስ እሱ ሲለኝ?» አለች። ቀጥላ «ይልቅ ቶናው ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።» ቀኑ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጣ፣ አለፈ። እናቴ ዛሬም አለች። እርግማን ተብሎ የተነገራችሁ ነገር ካለ ለብቻችሁ አትያዙት። ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ፤ ቀን ተቆርጦለት ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ለብቻችሁ አትዋሉ።

ሕክምናውን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ አንድ አማካሪ ጋ ሄጄ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳያዳምጠኝ ጥሩ አገልጋይ ያለበት ቦታ ልጠቁምሽ አለኝ፤ አልተመለስኩም። አንዱ ሳይመቻችሁ ሲቀር ሕክምናውን በሙሉ አትተዉት። በኋላ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልኝ በመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል ገባሁ። ክፍያው አቅሜን አልተፈታተነም። ሐኪሙ ድብርትና ከደረሰብኝ ነገር የመጣ ጭንቀት እንዳለብኝ ነግሮኝ ፍሎክሰቲን አዘዘልኝ። በቀን ስንቴ ለሰው የምሰጠውን መድኃኒት ለራሴ ለመዋጥ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ «መድኃኒት የዋጠ ሰው ጸሎቱን ዋጠ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ይህን መድኃኒት የሚጀምር ሰው ሳምንታት እንደሚፈጅ ይወቅ፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። እኔ አንድ ዓመት ያህል ወሰድኩ፤ ያቆምኩትም በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ከመድኃኒቱ በላይ የረዳችኝ እዚያ ያለች ነርስ ናት። በሁለተኛው ቀጠሮ «ዛሬ ምሳ ምን አማረሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናቴም «ሽሮ ይሁን ምስር?» ስትለኝ የምለው ይጠፋኝ ነበር፤ ጫማ ልገዛ ሄጄ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ስምንት ዓመት ሌላ ሰው ሲወስንልኝ የኖርኩ ስለሆነ፣ መምረጥ የሚባለው ነገር ከእኔ ወጥቶ ነበር። ነርሷ በቀን አንድ ትንሽ ነገር እንድመርጥና ለምን እንደመረጥኩት ለማንም እንዳላስረዳ አዘዘችኝ። የመጀመሪያው ምርጫዬ መንገድ ነበር። ከሥራ ስወጣ ታክሲውን ትቼ ከለገሐር ቸርችል ጎዳናን ይዤ፣ በፖስታ ቤት በኩል ወደ ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ፒያሳ እስክደርስ በእግሬ። ዳገቱ ያደክማል። ግን ማንም ያላዘዘኝ ድካም ነበር።

ለሌሊቱ ያስተማረችኝን አሁንም እጠቀምበታለሁ። ብድግ ስል መብራት አበራና የማያቸውን አምስት ነገሮች፣ የምነካቸውን አራት፣ የምሰማቸውን ሦስት፣ የማሸታቸውን ሁለት፣ የምቀምሰውን አንድ እቆጥራለሁ። ቁም ሣጥን፣ የአባቴ ፎቶ፣ ጀበና፣ መጋረጃ፣ የእናቴ ነጠላ። ያኔ ከጊዮርጊስ በድምፅ ማጉያ ይሰማ የነበረው ዜማ፣ ውሻ፣ የእናቴ ትንፋሽ። እስከዚያ ድረስ ልቤ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን በራሴ ያገኘሁት ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ከ«ቤቱ» ውጭ የተጻፈ ነገር ማንበብ ተከልክዬ ስለኖርኩ መጀመሪያ ሰሞን መጽሐፍ ስይዝ ዞር ዞር እያልኩ አይ ነበር። እዚያ ስለ ሮበርት ጄይ ሊፍተን አነበብኩ። አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቻይና እስር ቤቶች የወጡ ሰዎችን አነጋግሮ በ1961 ሥራውን አሳተመ። የሰውን አእምሮ የሚቆጣጠር ቡድን የሚታወቅባቸው ስምንት ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ቋንቋ ነው፤ ሰፊውን ነገር በአጭር ቃል ዘግቶ ሰው ከዚያ ወዲያ እንዳያስብ ማድረግ። በዚያው ቀን ደብተር ገዛሁ። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ «ቤቱ» ውስጥ የምንለውን፣ በቀኝ እናቴ ብትሰማው የሚገባትን ቃል ጻፍኩ። «ሽፋን» ቁጥጥር። «መታረም» በሰው ፊት መሰደብ። «ዘር» ብር። «የአመፅ መንፈስ» ጥያቄ። «ግብፅ» የሚለው ጋ ስደርስ ቀኙን ለመሙላት ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ግብፅ የምንለው ከመዳናችን በፊት የነበርንበትን ነበር። ለእኔ ያ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ «እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። 43 ቃል ሆነ። ከወጣችሁ ይህን ሞክሩት፤ ቶሎ የማያልቅ ሥራ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ለሰፈሩ ግን ፊት አልነበረኝም። ከእናቴ ጋ ስኖር እንኳ ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ እገባ ነበር። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ማዶ ያሉት ሰውዬ አረፉና ዕድሩ ድንኳን ተከለ። እናቴ ምንም ሳትለኝ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ በአባቴ ለቅሶ ጊዜ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኝ። «ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አነሰን» አሉኝና ሄዱ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ሴቶቹ በጓሮ ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ቢላዋና ሣፋ ሰጡኝ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር የሚያወሩት። ከቀብር ሲመለሱ ልቅሶው ሲጀመር እኔ ድንኳኑ ጫፍ ቆሜ ነበር። እትዬ መጥተው ክንዴን ያዙና በጆሮዬ «ያንቺም አለብሽ» አሉኝ።

በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማልቀስ የኛ አገር ልማድ ነው፤ ሁሌም አውቀዋለሁ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ግን እንደ አዲስ ነበር። አባቴን ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቼ በሌላ ሰው ድንኳን አለቀስኩት። ሴቶቹ «አይዞሽ» እንኳ አላሉኝም፤ ዝም ብለው ከበቡኝ። ማታ እናቴ እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችኝ። ያን ሌሊት 9 ሰዓት አልነቃሁም።

ይህ ሰፈር ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አንዷ አራብሳ፣ አንዷ ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ እኛም ከከተማው መሐል ርቀን ነው ያለነው። ያገኘኋቸውን ሴቶች በሦስት ዓመት ውስጥ እንደገና ማጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚችሉት ወር በገባ በ23 በአውቶቡስ እየመጡ ጊዮርጊስ ግቢ ይገናኛሉ። ሥራ የሌለኝ ቀን ከሆነ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። ከዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። ሰዎች «እንግዲህ ተመለስሽ?» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ «ከእንግዲህ ሃይማኖት የሚባል ነገር ትተሽ ይሆናል» ይላሉ። ሁለቱንም አልመልስም። አንዳንድ ማታ ሁለት መስመር እጸልያለሁ፤ አንዳንድ ማታ አልጸልይም፤ የመዝሙር ኪቦርድ በዝግታ ሲመታ ስሰማ አሁንም ሆዴ ይታጠፋል። ከእኔ ምንም ያልፈለጉት እነዚያ ሴቶች ናቸው ያዳኑኝ፤ ስለዚህ ከወጣ ሰው ጋ የምትኖሩ ሁሉ እለምናችኋለሁ፣ ወደዚህ ና፣ ወደዚያ ሂድ ብላችሁ አታጣድፉት።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ በኬንያ ሻካሆላ ጫካ መሪያቸው ጾማችሁ ሙቱ ያላቸው ሰዎች አስከሬን መውጣት ሲጀምር መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። በኋላ ቁጥሩ ከ400 በላይ ደረሰ። አንድ ደንበኛ «ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል?» አለ። እኔ መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጾም ከንፈራችን ሲሰነጣጠቅ እርስ በርስ «በርቺ» እንባባል የነበርነው ትዝ አለኝ። አራተኛ ቀን ጨምሩ ብንባል እንጨምር ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ፤ ለመጻፍ የከበደኝም እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከእኔ ሴል የነበረች አንዲት ልጅ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። የሚጥል በሽታ ስላለባት ፌኖባርቢታል ትወስድ ነበር። «ተፈውሰሻል፣ ኪኒኑን ጣዪ ብለውኛል፤ አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ልተወው?» አለችኝ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ እንደሚነሣ፣ ለሕይወትም እንደሚያሰጋ ተምሬያለሁ። በዚያ ሰዓት ነጭ ጋውን ለብሼ፣ መድኃኒቱ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ሆኖ፣ «መሪሽን ስሚ» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ቡና ስታፈላ ጥሏት ከሰል ላይ ወደቀች። ቀኝ እጇ ተቃጠለ።

ነርሷ ስለዚህ ነገር ስትሰማ «ይቅር ይበልሽ» አላለችኝም፤ «ልጅቷ የት ነው ያለችው?» ነው ያለችኝ። አፈላልጌ ሽሮ ሜዳ አክስቷ ጋ አገኘኋት። ከእኔ ቀድማ ወጥታ ነበር። ሰበብ ሳልደረድር ነገርኳት፦ አውቅ ነበር፣ ፈራሁ፣ ዋሸሁሽ። ብዙ ቆይታ «ያን ቀን መሬት መሬት ነበር የምታዪው» አለችኝ። ከዚያ «ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልችልም። ሻይ ግን ጠጪ።» ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሄጄ አላስቸገርኳትም።

በዓመቱ ገደማ አንድ ከሰዓት በኋላ ማዘዣ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። የሁለት ወር ነበር። ኪኒኑን በትሪው ላይ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩላት፣ በፖስታው ላይ «ማታ 1» ብዬ ጻፍኩ። እንዳይቋረጥ አምስት ቀን ሲቀረው ቀድማ እንድትመጣ፣ በራሷ እንዳታቆመው፣ ሐኪሙ ካልቀነሰላት በቀር ማንም ቢነግራት እንዳትሰማ ነገርኳት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፖስታውን በጠባሳው እጇ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቅዳሜም ትገቢያለሽ?» አለችኝ።

«ከሁለት ቅዳሜ አንዱን እገባለሁ።»

«የምትገቢበትን ጻፊልኝ እንግዲህ» አለችና ፖስታውን እንደገና አውጥታ ሰጠችኝ።